ቀይ ክር ለስንዴ

ሐጂ ሽኩር የሞቱት በነሐሴ ወር፣ አርብ ቀን፣ መርካቶ ለጁምዓ ሶላት ግማሽ በሯን በምትዘጋበት ሰዓት ነው። ከመሳለሚያ ወረድ ብሎ ባለው የአረም መድኃኒት መጋዘናቸው ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ ማጅራታቸውን የመታው የአምስት ኪሎ የሚዛን ብረት አጠገባቸው ወድቋል። ከእጃቸው ትንሽ ራቅ ብሎ አፈር የተሞሉ ሁለት ጣሳዎች ቆመዋል።

ኢንስፔክተር ጤናዬ ስትደርስ ነገሩ ያለቀ መስሎ ጠበቃት። አለቃዋ ደምመላሽ የመጋዘኑን ሠራተኛ ቶላን በካቴና አስሮ በር ላይ አቁሞታል። ይህ ደምመላሽ ትናንት የእሷ ረዳት ነበር፤ ማዕረጉ እሷን ዘልሎ ለእሱ ከተሰጠ ገና ሦስት ወሩ ነው። ጤናዬ አልከፋኝም ትላለች። ውሸቷን ነው።

«ግልጽ ጉዳይ ነው» አላት። «የአርሲ ገበሬዎች ስንዴያችን አለቀ ብለው መጥተው ሲጮሁ ሰነበቱ። መድኃኒቱን የሚያዘጋጀው ይሄ ልጅ ነው። ሐጂ ሲያፋጥጡት መታቸው። የአስራ አራት ቀን ቀጠሮ እጠይቅበታለሁ፤ ከዚያ በግድያ ክስ ነው።»

«አስራ አራቱን ቀን ለእኔ ስጠኝ።»

«ውሰጂው። የሚለወጥ ነገር የለም።»

ቶላ በእርሻ ትምህርት ተመርቆ ሐጂ ዘንድ ከተቀጠረ ሁለት ዓመቱ ነው። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ሐጂን? አባቴ ማለት ናቸው እኮ! እርስዎ ካልደረሱልኝ ዕድሜዬን እስር ቤት መፍጀቴ ነው።»

«ለቅሶውን ተወውና ስለ መድኃኒቱ ንገረኝ። ስንዴውን ምን አገኘው?»

«ይሄ ቅጠል ላይ የሚረጭ አይደለም። ዘር ከተዘራ በኋላ፣ አረሙ ሳይወጣ፣ አፈሩ ላይ ነው የሚረጨው። አረሙን ገና ሲበቅል ይይዘዋል፤ ሰብሉን ግን መርጦ ያልፈዋል። ታዲያ የበቆሎው ለበቆሎ፣ የስንዴው ለስንዴ ነው። የበቆሎውን ስንዴ ማሳ ላይ ከረጩት ስንዴውንም እንደ አረም ይፈጀዋል።»

«አፈር ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ቀን? ወራት እንጂ!»

ጤናዬ ጣሳዎቹ ላይ ጎንበስ አለች። በሁለቱም አፈር ላይ የሆነ ነገር ተነቅሎ የቀረ ጉድጓድ አለ፤ ባንደኛው ጥግ ላይ የበቆሎ ሥር ተበጥሶ ቀርቷል። በዚሁ ጣሳ ጎን በጠመኔ የተጻፈ አለ። አንብባ ማስታወሻዋ ላይ ገለበጠችውና ሁለቱንም ጣሳ ይዛ ተነሳች።

«አትክልተኛ ልትሆኚ ነው?» ብሎ ሳቀባት ደምመላሽ።

በማግስቱ መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን ሚስት ሱሀይርን ነው።

«ቶላ፣ ቶላ፣ ቶላ! ሁለት ዓመት ሙሉ በቤቴ ከዚህ ስም ሌላ አልተጠራም» አለች ሱሀይር። «አዎ፣ ቀንቻለሁ! እኔ ልጅ አልወለድኩለት፤ እሱ ከውጭ ልጅ አገኘ። ግን ባሌን አልገደልኩም።»

«እትዬ ሱሀይር፣ ጠርሙሶቹን የሚያዘጋጀው ማነው?»

«ቶላ ከበርሜሉ ይቀዳል። እኔ ወረቀቱን እጽፋለሁ፣ እሱ ይለጥፍና አንገቱ ላይ ክር ያስራል። ቀይ ክር ለስንዴ፣ ቢጫ ለበቆሎ።» ሻሿን ሳብ አደረገች። «ማንበብ ለማይችል… ለገበሬው ነው።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ፉርቃን በርበሬ በረንዳ ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለው። እሱም አልደበቀም።

«የእናቱ ልጅ እያለሁ መጋዘኑን ለባዕድ ሊያወርስ! ደሜ ይፈላል እንጂ ምን ልበልሽ? አርብ ዕለት መስጊድ ነበርኩ፤ ስመለስ ሬሳውን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለና ቃሉን ራሱ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ጽፎ ሰጣት።

መጨረሻ ላይ ሀብተ ወልድ መጣ። እሱና ሽኩር ከጉራጌ አገር አብረው መጥተው፣ መርካቶ ውስጥ ሸክም አብረው ተሸክመው ያደጉ ናቸው። መጋዘኑ ከተከፈተ ጀምሮ ቁልፉ ከወገቡ አልተለየም ነበር፤ ባለፈው መስከረም ነው ለቶላ የተሰጠው። መነጽር አድርጓል፤ ብብቱ ሥር ሁልጊዜ ጋዜጣ አይጠፋም።

«ጋሽ ሀብተ ወልድ፣ ለገበሬዎቹ ጠርሙሱን ከመደርደሪያ ያወጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ቀይ ክር አሉ፣ ቀይ ክር ሰጠሁ። ያሰረው ቶላ ነው። የተማረው እሱ አይደል? እኔ ምን አውቄ!»

«ቁልፉ ሲወሰድብዎ አልከፋዎትም?»

«ኧረ ተይ! በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ምን ቅናት አለ» ብሎ ሳቀ። እጁ ግን ጋዜጣውን ጨመደደው። ጤናዬ ያንን እጅ አወቀችው፤ የደምመላሽን የሹመት ደብዳቤ ያነበበች ቀን የራሷም እጅ እንዲሁ ነበር ያደረገው።

«ቃልዎን አንብበው ይፈርሙልኝ» ብላ ወረቀት ሰጠችው።

መነጽሩን አስተካክሎ ከላይ እስከ ታች ዓይኑን አስኬደበት። «ልክ እንዳልኩት ነው» አለና ጫር አድርጎ ፈረመ። ጤናዬ ወረቀቱን ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በሁለቱም ጣሳ ስንዴና በቆሎ ዘርታ ቢሮዋ መስኮት ላይ አኖረቻቸው። ጠዋት ጠዋት ውኃ ስታጠጣ ጓደኞቿ ተሳለቁባት። እሷ ግን ቀን ትቆጥራለች።

በአስራ ሦስተኛው ቀን ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቶላ ካቴናው እጁ ላይ ነው። ጣሳዎቹንና ገበሬዎቹ ከመለሱት አንዱን ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ይህ ጠርሙስ ክሩ ቀይ ነው፤ ለስንዴ ማለት ነው። ወረቀቱ ግን ‹ለበቆሎ› ይላል። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። ሐጂም ይህንኑ ነው የጠየቁት። በአንዱ ጣሳ መድኃኒቱን ረጩበት፣ ሌላውን እንዲሁ ተዉት፤ በሁለቱም ስንዴና በቆሎ ዘሩ። ገዳዩ የበቀለውን ነቅሎ ሲወስድ ጣሳው የሚናገረው ያለቀ መሰለው። መድኃኒቱ ግን አፈሩ ውስጥ ነበር። እንደገና ዘራሁበት፤ ይኸውላችሁ።»

በአንዱ ጣሳ ሁለቱም ለምልመዋል። በሌላው በቆሎው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ስንዴው ገርጥቶ ተኝቷል።

«ስለዚህ ወረቀቱ እውነተኛ ነው፤ የዋሸው ክሩ ነው። ቶላ ክር የሚያስረው ወረቀቱን አንብቦ ነው። ከእሱ በኋላ ክሩን የለዋወጠ ሰው አለ።»

ፉርቃን ተነሳ። «እኔን ነው?»

«አንተ ብትሆን ወረቀቱንም ትለውጠው ነበር። እትዬ ሱሀይርም እንደዚያው። ማንበብ የሚችል ሰው ‹ለበቆሎ› የሚል ወረቀት ላይ ቀይ ክር አስሮ አይሄድም። ጣሳው ላይ በጠመኔ የተጻፈውንም ሳይጠርግ አይወጣም።»

«ሁላችንም እኮ እናነባለን!» አለ ፉርቃን። ሱሀይር መሬት መሬት ታያለች።

ጤናዬ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። «ጋሽ ሀብተ ወልድ፣ ‹ልክ እንዳልኩት ነው› ብለው የፈረሙበት ይሄ ነው። የእርስዎ ቃል አይደለም። የፉርቃን ነው።»

ጋዜጣው ከሀብተ ወልድ ብብት ወደቀ።

«ሠላሳ ዓመት!» አለ በመጨረሻ። «በአንድ ገመድ የተሸከምን ሰዎች ነን። ቁልፉን ከወገቤ ፈትቶ ለትናንት ልጅ! ቀናሁ፤ አዎ፣ አረርኩ። ልጁ እንዲባረር ነበር የፈለግኩት፣ ሌላ አይደለም። አርብ ሽኩር ጠራኝና ጣሳውን አሳይቶ ‹ክሩን ማን ነካው?› አለኝ። ነቃብኝ አልኩ። እጄ ቀደመኝ።»

ጤናዬ ሳታስበው ወደ ደምመላሽ አየች፤ ወዲያው ዓይኗን ሰበረች። እሱ የቶላን ካቴና እየፈታ ነበር።

«ሀብቴ» አለች ሱሀይር ቀና ብላ፣ «ሽኩር ያን ክር ለምን እንደጀመረው ታውቃለህ?»

«ለገበሬው ነዋ።»

«ላንተ ነው! ‹ሀብቴ ማንበብ አይችልም፤ እንዳወቅኩበት ከነገርኩት ያፍራል፣ ለገበሬ ነው እለዋለሁ› ብሎኝ ነው። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር።»

ሀብተ ወልድ መነጽሩን አወለቀና ወደ ጣሳው ጠቆመ።

«ይሄ ጠመኔ… ምን ይላል?»

ጤናዬ ባታነብለት ትመርጥ ነበር። ግን አነበበችለት። «‹ከቀይ ክሩ ጠርሙስ። ሀብቴ ሳያየው ማንም እንዳይነካ።›»

«እንዴ… አልነቃብኝም ነበር?»

«አልነቁብዎትም ጋሽ ሀብተ ወልድ። ሊያማክሩዎት ነው የጠሩዎት።»

ሽማግሌው ጣሳውን ወደ ራሱ ሳበና ጣቱን ጽሑፉ ላይ አኖረ።

«ስሜ የቱ ጋ ነው?» አላት።

ጤናዬ ጣቱን ይዛ አሳየችው።