ከቀጥታው ቀስት ወደ ግራ

ሀይደር የባጃጁን መሪ እንደጨበጠ ነበር የሞተው። የባጃጁ ቀኝ ጎን ተጨፍልቋል፤ መስታወቱ መንገዱ ላይ ተቀብቶ ወደ ግራ በሚያመለክተው ነጭ ቀስት ላይ ረግፏል። ገጭቶት ያመለጠው መኪና በአስፋልቱ ላይ የጭቃ ዱካ ትቷል፦ ከቀኙ መስመር፣ ከቀጥታው ቀስት ተነስቶ ያልተቆራረጠውን መስመር ጥሶ ወደ ግራ ገብቷል። ኢንስፔክተር ሳሊሃ የሆሳዕና ከተማውን መስቀለኛ መንገድ አዘጋችና ዱካውን እስከ መጨረሻው ተከተለችው። የፍሬን ምልክት የለውም።

ረፋዱ ላይ የፊት መብራቱ የረገፈ ፒክአፕ በነጋዴው አጵሎስ ግቢ ተገኘ። ሀይደር በመሬት ክርክር ሊመሰክርበት የነበረው በዚሁ ሰው ላይ ነው።

የአጵሎስ ሾፌር ተረፈ ገና ሳይጠየቅ እጁን ለካቴና ዘረጋ። «እኔ ነኝ የገጨሁት። ብቻዬን ነበርኩ።»

«በየትኛው መስመር ነበርክ?»

«የምን መስመር? እዚያ ምን መስመር አለ? ሁሉም እንዳሻው ነው የሚታጠፈው።»

ሳሊሃ ወደ ቤቱ አመራች።

የአጵሎስ ሚስት ገነቴ በሩን ይዛ ቆማለች። «ባሌ ተኝቶ ነበር። ከቤቴ ውጡልኝ!»

አጵሎስ ከኋላዋ ብቅ አለ። «አንቺ ደግሞ ምን ትፈልጊያለሽ? ጥፋቱ የሟቹ ነው። የግራ መታጠፊያውን ይዞ ቀጥታ ሄደ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ተረፈ ነዋ!»

ሳሊሃ ሦስቱንም ግቢው መሃል አቆመቻቸው። የሟቹ እህት ሩቂያም መጥታ ነበር።

«ቀስቶቹ የተቀቡት ትናንት አመሻሽ ነው» አለች ሳሊሃ። «ሀይደር የተገጨው ዛሬ ጎህ ሲቀድ፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ ዝግ ነው። ተረፈ ቀለሙን አላየም፤ መኪናውን የነዳው እሱ አይደለም። ያላየውንም ሊነግርዎት አይችልም። ወይዘሮ ገነቴ መንዳት አይችሉም። እርስዎ ግን ሀይደር የትኛውን መስመር እንደያዘ ያውቃሉ።»

«እኔ ወደ ግራ ስታጠፍ አላየሁትም!» አለ አጵሎስ፤ ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

«ወደ ግራ የሚታጠፍ የግራውን ቀስት ይይዛል። ይህን እንደሚያውቁ አሁን ሀይደርን ሲከሱ ሰምቻለሁ። እሱ በመስመሩ ቆሞ ተራውን ይጠብቅ ነበር። እርስዎ ከቀኙ መጥተው መሪዎን ጠመዘዙበት። ፍሬን እንኳ አልያዙም።»

«ልጆችህን ሜዳ ላይ እጥላቸዋለሁ ብሎኝ ነው» አለ ተረፈ።

«ውሻ!» አጵሎስ ተንደርድሮ ሲመጣ ፖሊሶቹ ያዙት። ካቴናው ሲገባለት ወደ ሚስቱ ጮኸ፦ «ተኝቶ ነበር በያቸው እንጂ!»

ገነቴ ሩቂያን አየቻት። ሩቂያ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ሳይነጋ ነው የወጣው» አለች ገነቴ።