የመጋላ ቦኖ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ሲገባ፣ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሆኖ ነበር፤ የመጋላ ሰፈር ሴቶችም የነጭ ጋዝ ቆርቆሯቸውን ከንጋት ጀምሮ በአንዲት የሕዝብ ውሃ ቦኖ ፊት ያሰልፉ ነበር። በከተማው ውሃ ላይ የተሾሙት ግራዝማች ወልደጻድቅ ይህችኑ ቦኖ ነቅለው ከወንዙ ማዶ ወዳለው የሹማምንት ሰፈር ወደ ከዚራ ሊያዛውሯት ነው የሚል ወሬ ተሰማ፤ ወሬውም እውነት ነበር።

ይህን ለማስቀረት ሁለት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ተነሡ። አንደኛዋ የመጋላው ልብስ ሰፊ የተማም ልጅ ፋዱማ ስትሆን፣ ሁለተኛው ዘገዬ የሚባል የከዚራ ልጅ ነበር፤ አባቱም በግራዝማች ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበሩ። የሰፈሩን ልጆች ቤት ለቤት ቆጥረን ብዛታቸውን በአቤቱታ እናቅርብ ያለው ዘገዬ ነው። ፋዱማ እሺ አለች፤ ነገር ግን ዐይኗን ከእርሱ ላይ አላነሣችም። የጸሐፊ ልጅ ለመጋላ ውሃ ምን አንገበገበው?

ሰፈሩም አላመነውም። ቆጣሪ የሚመጣው ወይ ለግብር ነው፣ ወይ ሰው ለመያዝ፤ ደብተር የያዘ ጎረምሳ ደግሞ ጆሮ ጠቢ ላለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል? የሰባት ልጆች እናት አዴ ሃዎ በራቸውን ገርበብ አድርገው ከእግር እስከ ራሱ ገረመሙት።

«ይሄ የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«አብሮኝ የሚማር ነው፣ አዴ» አለች ፋዱማ።

«ስንት ልጅ አለዎት፣ እማማ?» አለ ዘገዬ።

«ቶኮ» አሉ፤ በኦሮምኛ አንድ ማለታቸው ነው። ከጓዳ የልጆች ጫጫታ ሲሰማ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «የጎረቤት ናቸው» ብለው ጨመሩ።

በዚያ ዘመን የመጋላ እናት ልጆቿን አትቆጥርም፤ ቁጥር ክፉ ዐይን ይጠራል ብላ ስለምትፈራ፣ ስንት አሉሽ ስትባል አንድ ብላ ታልፋለች። ፋዱማ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

«አንድ ብቻ?» አላት ዘገዬ። «ሲሯሯጡ እየሰማሁ እኮ ነው።»

«አቦ የተባልከውን ጻፍ። ካላመንከን ለምን መጣህ?»

ዘገዬ አፍሮ ጻፈ። ፋዱማ እውነቱን ልትነግረው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አባቱ ትዝ ሲሏት መልሳ ዋጠችው፤ ቁጥሩ በአባቱ በኩል ለግብር የሚሄድ ከሆነ ውሸቱ ይሂድላቸው አለች በልቧ። በዚህ አኳኋን አርባ ሁለት ቤት ተዞረ፤ መንታ አዝላ የተገኘችው መሪያም ብቻ ሁለት አለች።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ በጽሕፈት ቤቱ ፊታቸው ቆመው ሳለ ግራዝማች አቤቱታውን አነበቡ።

«አባትህ ይህን ያውቃል?» አሉት ዘገዬን።

«አያውቁም፣ ጌታዬ። ቢያውቁ ከቤት ያባርሩኛል፤ ነገር ግን ሰዎቹ ውሃ ይገባቸዋል።»

ፋዱማ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አርባ ሁለት ቤት፣ አርባ ሦስት ልጅ» አሉ ግራዝማች ፈገግ ብለው፤ «ለዚህ ሰው ቦኖዋ ትበዛለች። እናንተው መሰከራችሁልኝ።» ቁጥሩን ሊያጸድቁ ማኅተማቸውን አነሡ።

«ውሸት ነው፣ ጌታዬ! አዴ ሃዎ ብቻ ሰባት ልጆች አሏቸው» አለች ፋዱማ።

«ሲጻፍ የት ነበርሽ?»

መልሷን ሳይጠብቁ ማኅተሙን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«ታውቂ ነበር» አላት ዘገዬ ደጅ ሲወጡ።

«አባትህን ፈርቼ ነው።»

«እኔም እፈራቸዋለሁ» አለና ሄደ። ዳግም አልተነጋገሩም።

በሳምንቱ ቦኖዋ ተነቀለች፤ ሴቶቹም የደቻቱን አሸዋ እየማሱ ውሃ ይቀዱ ጀመር። ወረቀቱ በማኅተም ጸድቆ መዝገብ ቤት ገባ፤ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢያገኘው፣ በአርባ ሁለት የመጋላ ቤቶች አርባ ሦስት ልጆች እንደነበሩ በዘገዬ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ያነብባል፤ ሊጠራጠርም ምክንያት የለውም። ፋዱማ ግን ኋላ እናት ሆና ቆጣሪ በመጣ ቁጥር፣ የአምስት ልጆቿን ስም አንድ በአንድ እየጠራች ታስጽፍ ነበር፤ እየፈራች።