ያልተሰረዘው ስድብ

ሰላማዊ በሓወልቲ ክፍለ ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች የሚወያዩበት የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ናት። ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው፤ ስድብ ሲገባ ማጥፋት፣ ጠብ ሲነሳ ማብረድ። ጉዱ የሚመጣው ተሳዳቢው የተከበረ ሰው የሆነ ዕለት ነው።

አንድ ጠዋት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት የምትሠራው ዘቢብ «ልጄ ናፍቆት የሚጥል በሽታ አለባት። ከወደቀች በጎኗ አስተኟት፤ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ክብሪትም አታሽትቷት» ብላ ጻፈች። የልጅ ልጃቸውን እዚያው የሚያስተምሩት የሰፈሩ ሽማግሌ፣ አቦይ ከፋለ፣ ወዲያው መለሱላት፤ «በሽተኛሽን ቤትሽ ደብቂ! ልጆቻችንን ልታስለክፊ ነው?» ከሥሩ የሳቅ ምልክት ይዘንብ ጀመር።

የሰላማዊ ጣት ማጥፊያው ላይ ደርሶ ቀረ። ትዳሯ የሰመረው በአቦይ ከፋለ ሽምግልና ነው። ባሏ ኣፅብሃም «እሳቸውን በሰው ፊት ልታዋርጂ? ተይ፣ ዝምታ ወርቅ ነው» አላት። ተወችው፤ ስልኩን ግን ስታነሳ ስታስቀምጥ ዋለች። ከሰዓት ብትከፍተው ዘቢብ መልእክቷን አጥፍታ ከግሩፑ ወጥታለች። ብትደውልላት አታነሳም።

በማግስቱ ተማሪ ሲለቀቅ ስልኳ ጠራ። «ናፍቆት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወደቀች!» አለቻት አንዲት እናት። ሮጣ ደረሰች። ወላጆቹ ይጋባብናል ብለው ርቀው ቆመዋል። ሃፍታይ የሚባል አባት ብቻ ልጅቷ አጠገብ ተንበርክኳል። ምላሷን እንዳትውጥ ብሎ የምሳ ዕቃዋን ማንኪያ በጥርሷ መሃል ሲያስገባ የፊት ጥርሷ ተሰብሮ አፏ ደም ሞልቷል። ሰላማዊ ማንኪያውን አውጥታ ልጅቷን በጎኗ አስተኛቻት። ናፍቆት ዓይኗን እስክትገልጥ የሰላማዊ ነፍስ አልተመለሰችም።

«ምን ላድርግ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ?» አለ ሃፍታይ። «ትናንት ማታ ግሩፑን ከፍቼ ነበር። ስለ በሽታው ያገኘሁት የአቦይ ከፋለን ስድብ ብቻ ነው።»

ሰላማዊ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። እዚያው ቆማ ስድቡን አጠፋች፤ የዘቢብንም ምክር እንዳስታወሰችው መልሳ ጻፈች። ብዙም ሳይቆይ አቦይ ከፋለ ደወሉ። አነሳችው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ የእኔን ቃል ሰረዝሽው?»

«አዎ፣ አቦይ። ክብርዎ እንዳለ ነው። ትናንት ግን የእርስዎ ይሉኝታ ይዞኝ ልጅቷን አስጎዳኋት።» የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

 «የእናቲቱን ስልክ ስጪኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ወገኖቼ፣ ሽማግሌ ይከበር፤ ስድቡ ግን አብሮ አይከበር። አይቶ እንዳላየ ያለፈ አድሚን ከተሳዳቢው እኩል ስድቡን ጽፏል። አቦይ ከፋለ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ዘቢብ ግን እስከ ዛሬ ወደ ግሩፑ አልተመለሰችም።