የሃምሳ አለቃ ደምሴ እህት

እኔ እንኳን በመንፈስ በሎተሪም የማላምን ሰው ነኝ፣ ጠንቋይ ቤት የገባሁት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ዝናብ ለመጠለል፣ ሰውዬው ዕድሌን ሊያይልኝ ሲቃጣው “መጀመሪያ የጣሪያህን ቀዳዳ እይ” ብዬው ወጥቻለሁ። ስለዚህ ወዳጄ፣ የምነግርህን ስትሰማ “ይኼ ሰውዬ ደግሞ ጀመረው” አትበለኝ፤ ማጋነን እንደምወድ ዲላ ውስጥ የማያውቅ ፍየል እንኳ የለም፣ ይህችን ግን እንደሆነችው ነው የማወራልህ፣ ለማጋነንም እኮ ጉልበት ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ደክሞኛል።

ያደከመኝ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ነው። መጽሐፍ ስለማትነካ ላስተዋውቅህ፦ ደምሴ እኔ የፈጠርኩት ወንጀል መርማሪ ነው፣ ቀን ማዘጋጃ ቤት ማመልከቻ ስጽፍ እውላለሁ፣ ሲመሻሽ እሱን ሌባ አስይዘዋለሁ፣ በአራት መጻሕፍት ውስጥ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ፖሊስ ተሰብስቦ ያልያዘውን ሌባ ብቻውን ለቅሞ አስገብቷል። ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ግራ እጁን ከካፖርቱ ኪስ አያወጣም። አንባቢ ባገኘኝ ቁጥር “እጁ ምን ሆኖ ነው?” ይለኛል፣ እኔም “አምስተኛው ላይ ታያለህ” እላለሁ፣ እውነቱን ልንገርህና ሁለት እጅ መግለጽ ሰልችቶኝ ነው አንዱን ኪስ የከተትኩት።

አምስተኛው ላይ ግን ተሰለቻቸን። ጎን ለጎን ሌላ መጽሐፍ ጀምሬ ነበር፣ ስለ አንድ ሚስቱን ስለሚፈራ ቡና ነጋዴ፣ ብቻዬን እየጻፍኩ ብቻዬን የምስቅበት፣ አሳታሚዬ ግን ከደምሴ ሌላ አላይም አለ። ነጋዴዬን ለመጻፍ ብቀመጥ ደምሴ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ የሚቀመጥ ይመስለኛል፣ እመነኝ፣ ሲተነፍስ ሁሉ እሰማዋለሁ። ስለዚህ ገላገልኩት። ከጨለለቅቱ በላይ ባለው መንገድ ሌባ ሲያሳድድ ገደል ከተትኩት፣ አስከሬኑም እንዳይገኝ አደረግኩ፣ እንዳያስነሱብኝ።

በማግሥቱ ስልክ ቤት ሄጄ አዲስ አበባ ለአሳታሚዬ ደወልኩ። መስመሩ የተጠበሰ በቆሎ ይመስል ይንጣጣል፣ ሰዉ ከኋላዬ ተራ ይጠብቃል፣ እኔ እጮሃለሁ።

“ገደልኩት!”

“ማንን?”

“ደምሴን! ገደል ነው የከተትኩት! ገደል!”

“ሬሳውስ?”

“አይገኝም!”

ዞር ስል ስልክ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ አልማዝ የምትባለው ስልከኛ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ “ጋሽ ወርቁ፣ አይዞዎት” አለችኝ። እኔ ሞኙ፣ አንባቢዬ መስላኝ “ምን ይደረግ ብለሽ ነው” ብያት ወጣሁ።

ለካ ሰዉ የሰማው “ገደል” የምትለዋን ብቻ ነው። ዘመዱ ገደል ገባ ተባለ፣ ምሳዬን ሳልጨርስ በረንዳዬ በለቅሶኛ ተሞላ። ፊት ለፊቴ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሰይድ ስኳር በወረቀት ጠቅልለው መጡና እጄን ያዙኝ።

“ወንድም ነው?”

“ከወንድምም በላይ ነው፣ ሐጂ።”

“ልጅ ትቷል?”

“አራት።”

“አላህ ያሳድጋቸው።”

አሜን አልኩ፣ ምን ልበል፣ መጻሕፍቱ መጋዘን ውስጥ ተኝተው ማደግ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። እያንዳንዱን ለቅሶኛ ማረም አቅቶኝ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ፣ ዝናቡ ሲጠነክር ሁሉም ወደየቤቱ ሸሸ፣ ሐጂም “ተመልሼ እመጣለሁ” ብለው ተሻገሩ፣ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ከተማውን ዋጠው፣ ቀኑ ሳይመሽ የመሸ መሰለ።

ያኔ በረንዳው ላይ ጫማ ሲጠረግ ሰማሁ። ደረጃዬ ጫፍ ላይ ጭቃ መጥረጊያ ብረት አለች፣ እሷ ላይ አንድ ሰው ረጋ ብሎ፣ እየደጋገመ፣ ጫማውን ያሻል። ሐጂ መስለውኝ “ይግቡ” አልኩ። የገባችው ሴት ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል፣ ነጠላዋ ከገላዋ ተጣብቋል፣ በባዶ እግሯ ነበረች። የጫማው ድምፅ ከውጭ ቀጠለ።

“ደምሴ ሞተች ያልከው አንተ ነህ?” አለችኝ።

አማርኛን በኋላ የለመዱ የኮቸሬ ሰዎች አንዳንዴ ወንዱንም “እሷ” ይላሉ፣ ለምጄዋለሁ፣ እኔ በእነሱ ቋንቋ ስናገር የሚስቁብኝን ያህል አልስቅባቸውም። የገረመኝ ሌላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ የራሴን ድምፅ አልሰማም፣ እሷ ግን ድምጿን ሳታነሳ እያንዳንዱ ቃሏ ይደርሰኛል።

“እርስዎ ማን ነዎት፣ እናቴ?”

“እህቷ ነኝ። ከኮቸሬ፣ ከሬኮ መጣሁ።”

ሳቅኩ። “ሐጂ ናቸው የላኩዎት?”

እሷ አልሳቀችም። “ስሟ በራሶ ነው። ደምሴ ያሏት ፖሊስ ስትገባ ነው፣ መዝጋቢው በራሶ አልጽፍም አለ።”

ወዳጄ፣ ስማኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ለመጨረሻው ገጽ ለደምሴ የልጅነት ስም ላወጣለት ብዬ በራሶ ብዬው ነበር፣ በልቤ፣ አልጻፍኩትም፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ነበር።

“ግራ እጁስ?” አልኳት።

“እኔ ነኝ የቆረጥኳት። ልጆች ሆነን እንጨት ስፈልጥ እጇን አስገባች፣ ሁለት ጣት ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። አደገች፣ እጇን ኪስ ከተተች፣ ፖሊስ ልሆን ነው ብላ ወጣች፣ አልተመለሰችም።”

አንባቢ ሲወተውተኝ ለአምስተኛው ብዬ ሁለቱን ጣት አስቤው ነበር፣ መጥረቢያውንም አስቤው ነበር። እህት ግን አላሰብኩም።

“አስከሬኗን አየህ?”

“አላየሁም።”

“ታዲያ ሞተች ማን አለህ?”

አራት መጽሐፍ ሙሉ ደምሴ ሰዎችን እንዲህ ሲጠይቅ ጽፌያለሁ፣ ሲጠየቁት እንዲህ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። እሷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ወንበር ሰጥቻት አልፈለገችም።

“ካለች ልታረቃት ነው የመጣሁ፣ እግሯ ላይ ልወድቅ። ከሞተች ልላጭና ለቅሶዬን ልቀመጥ። ስንት ዓመት አላለቅስ፣ አልስቅ፣ መሐል ነኝ። አንዱን ንገረኝ። ዛሬ ደግሞ አንተ መሐል ላይ አትተወኝ።”

“ሞቷል” ብላት ተገላገልኩ፣ አምስተኛው ይታተማል፣ ደምሴ ከወንበሬ ይነሳልኛል፣ ነጋዴዬን እየሳቅኩ እጽፋለሁ። ልለውም ነበር፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ያኔ የጫማው ድምፅ ቆመ፣ ሰው ጆሮውን ሰጥቶ ሲያዳምጥ እንደሚቆመው፣ ቀጥ አለ።

“አልሞተም” አልኩ። “ተሳስቼ ነው። አለ።”

አፏን በእጇ ያዘች፣ ተነሳች፣ በሩን ስትከፍተው ጉሙ ቤቱ ውስጥ ገባ። ከደረጃው ስትወርድ ድምጿን ሰማሁት፣

“መጣች! መጣች!”

ሮጬ ወጣሁ። ማንም የለም። እንግዲህ ማን መጣች? በእሷ አፍ ወንድሟም “መጣች” ነው፣ ወደ ኮቸሬ ቡና ልትጭን የምትወጣው ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናም “መጣች” ናት። ሐጂ ሱቃቸው ደጃፍ ፋኖስ ሲያበሩ አገኘኋቸውና ጮህኩ፣

“ሐጂ፣ መኪና አለፈ?”

“በዚህ ዝናብ ማን ሊሰማ?”

“ሰውስ? ከቤቴ የወጣ ሰው አላዩም?”

“አየሁ እንጂ፣ ለቅሶኛ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሁለት ናቸው ስል ጉሙ አንድ አደረጋቸው፣ አንድ ናቸው ስል ደግሞ ሁለት ሆኑ።” ከዚያ ፊቴን በፋኖሱ አዩና፣ “አንተ ሰውዬ፣ ግባ፣ ትኩስ ነገር ጠጣ፣ ሐዘን ጠንቶብሃል” አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ደምሴ ጠፋብኝ። ብዕር አነሳና “ሃምሳ አለቃ ደምሴ በሩን ከፍቶ ገባ” ብዬ እጽፋለሁ፣ አነበዋለሁ፣ ማንም አይገባም። ነጋዴዬም አኮረፈኝ። አሳታሚው “ምን ላይ ደረስክ?” ሲለኝ “እየጠበቅኩ ነው” እላለሁ፣ ቀልድ ይመስለዋል፣ ይስቃል።

መንገዱ ሲደርቅ ሬኮ ሄድኩ፣ ታርቀው እንደሆነ ላውቅ፣ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። እንሰት መሐል አንድ ሽማግሌ አገኘሁና ፖሊስ ገብቶ ያልተመለሰ፣ በራሶ የሚባል ሰው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

“የትኛዋን በራሶ?” አሉኝ። “ስንቷ ሄደች፣ ስንቷ ስሟን ለውጠው ወሰዷት።” ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። “ሞተች፣ አለች ብሎ የሚናገረው ጸሐፊ አንተ ነህ?”

ማን ነገራቸው፣ እንጃ። ሽማግሌው ጠጋ አሉኝና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

“የእኔም ልጅ ወታደር ሆና ሄደች። እሷስ አለች? ሞተች?”

ልጃቸውን አላውቀውም፣ ስሙን እንኳ አልነገሩኝም። ግን ወዳጄ፣ በልጆቼ ይሁንብኝ፣ መልሱ አፌ ላይ መጣብኝ፣ ሙሉ ቃል ሆኖ፣ ምላሴ ላይ ክብደቱ እየተሰማኝ። ያልኩት ይሆናል ብዬ ፈርቼ ጥርሴን ነክሼ ዋጥኩት፣ ደህና ይሁኑ እንኳ ሳልላቸው ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ እስከ ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ አለ።