ማርሚታውና ወፉ

«ርገጪው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ፣ ጥሩምባ ይነፋልሽ?» አለ ጋሊህ።

ራትሪ የሞተሯን ማስነሻ በእግሯ ረገጠች። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ጋራዡ በሙሉ ተናወጠ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት መፍቻዎች ተንቀጫቀጩ፤ በሩ ላይ የተኛችው ድመት ዘላ ከጎማ ክምር ጀርባ ገባች። ራትሪ ጋዝ ስትሰጥ ድምፁ ከእግሯ ተነስቶ፣ በሆዷ አልፎ፣ ጥርሷ ድረስ ደረሰ።

«ወይኔ!» ብላ ጮኸች። «ጋሊህ፣ ይቺ የኔዋ ናት?»

«የማን ልትሆን ነው ታዲያ?»

ሞተሯ ከአጎቷ የወረሰቻት፣ በዕድሜ ከራሷ ከራትሪ የምትበልጥ ትንሽ ሞተር ናት። ድምጿ ቀጭን ነው፤ ስትነሳ እንደ ጉንፋናም ሰው ትስላለች፣ ከዚያ ቱ-ቱ-ቱ እያለች ትሄዳለች። ራትሪ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ጀምሮ የትምህርት ቤቱን በር አልፋ በገባች ቁጥር ልጆቹ «ራትሪ፣ ሱሪዬ ተቀዷል፣ ስፊልኝ!» እያሉ ይስቃሉ። የስፌት መኪና ነው የሚሏት። ዛሬ ግን የጋሊህ ታላቅ ወንድም ከአንድ የውድድር ሞተር ላይ የፈታውን ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫ፣ ገጥሞላታል። አጭር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ አፉ ብርጭቆ ያስገባል።

«እስከ ነገ ጠዋት ሞክሪው፣ አሮጌውንም ያዢው» አለ ወንድምየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ካልወደድሽው ለጋሊህ ስጪው፤ የሚለምነኝ ሌላ ልጅ አለ። ትራፊክ ከያዘሽ ግን አላውቅሽም፣ አታውቂኝም።»

«ካልወደድኩት? ካልወደድኩት ነው ያልከው?»

ነገ እሁድ ነው። የክፍሏ ልጆች በሞተር ወደ ደቡቡ ባሕር ይወርዳሉ፤ ሲወርዱ ደግሞ ሰልፍ አላቸው። ድምፀ ጎርናናዎቹ ሞተሮች ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላቸው፣ ራትሪ መጨረሻ። እስከ ዛሬ በሄዱበት ሁሉ መጨረሻ ናት፤ የሁሉም ሰው ምሳ እሷ ኮርቻ ላይ ይታሰራል፣ የሁሉንም ሰው አቧራ እሷ ትጠጣለች።

«ነገ ከኔ ጎን ነሽ» አላት ጋሊህ። «ከፊት!»

ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱ የተከፈተላት መሰላት። በሩዝ ማሳው ጥግ የወረቀት ካይት የሚያበሩ ልጆች ገመዳቸውን ትተው እያጨበጨቡ ሮጡ። ድልድዩ ላይ ስትደርስ የወንዙ ዳርና ዳር ድምፁን ተቀባብለው መለሱላት። ራትሪ ሄልሜቷ ውስጥ ብቻዋን ትስቅ ነበር። እንዲህ የተደሰተችበትን ቀን አታስታውስም።

የሰፈራቸው ቅያስ አፍ ላይ በቀርከሃ የተሠራ ቅስት አለ። ቅስቱ ላይ «ሞተር አጥፉ፣ ውረዱ፣ ግፉ» ተብሎ ተጽፏል። ቅያሱ ጠባብ ነው፤ ሕፃን ይጫወትበታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። የሰፈሩ ሊቀ መንበር እንኳን ወርዶ ይገፋል። ራትሪም ይህን ሕግ ጥሳ አታውቅም፤ ዛሬም አልጣሰችም። ብቻ ቅስቱ ሥር ቆማ፣ ከማጥፋቷ በፊት፣ ሁለት ጊዜ ጋዝ ሰጠች። ሕጉ አጥፉ ነው የሚለው፤ ከማጥፋታችሁ በፊት ምን እንደምታደርጉ አይናገርም።

ከዚያ ወርዳ መግፋት ጀመረች። በየቤቱ ጣሪያ ጠርዝ በሽቦ ጎጆ ውስጥ የተንጠለጠሉት ወፎች አንዳቸውም ድምፅ አያሰሙም። ሌላ ቀን በዚህ ሰዓት ቅያሱ በወፍ ዜማ ይደምቅ ነበር።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ጎረቤታቸው እመት ላስትሪ ከመስኮት ብቅ ብለው። «ከድልድዩ ጀምሮ ነው የሰማሁሽ! ምን በልተሽ ነው? ኧረ ሆድሽን ታከሚ!»

ራትሪ እየሳቀች አለፈች።

አያቷ ሱርቶ በረንዳው ላይ ናቸው። ጎናቸው በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ የወፍ ጎጆ ተሰቅሏል። ውስጡ ያለው ላራስ ነው፤ ጅራተ ረጅሙ፣ አያቷ በጫጩትነቱ ያሳደጉት ዘፋኝ። አሁን ላባውን እየቀየረ ነው። ላባ የሚቀይር ወፍ ጮክ ብሎ አይዘፍንም፤ ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ያን ጊዜ የሰማውን ዓመቱን ሙሉ ይዘፍነዋል። ለዚህ ነው ባለ ወፎች ሁሉ በዚህ ወቅት የሌላ ወፍ ዜማ የሚያሰሙት። አያቷም ከጎጆው ሥር አሮጌ ስልካቸውን አድርገው የካናሪ ዘፈን ከፍተውለታል።

«መጣሽ?» አሏት። «ድምፅሽን አላወቅኩትም።»

«አባባ፣ ይዩት! ማርሚታውን ይዩት! ነገ ከፊት ነኝ፣ ከጋሊህ ጎን! ድልድዩ ላይ ቢሰሙት እኮ…» ቃላቱ እየተጋፉ ወጡ።

አያቷ ጎንበስ ብለው ማርሚታውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ያምራል» አሉ። «ፊት ያሳያል።» «ሩዝ አለ፣ ብዪ።»

የስልኩ ዘፈን አለቀ። በረንዳው ጸጥ አለ። ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ላራስ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ ጀመረ። መጀመሪያ የካናሪውን። ቀጥሎ የራሱን ረጅም ዜማ። ከዚያ ደግሞ፦

ትክ… ትክ… ክሕ! ቱ-ቱ-ቱ-ቱ።

ራትሪ ዞራ ሞተሯን አየች። ጠፍታለች። እንደገና ጎጆውን አየች፤ ሳቋም አመለጣት።

«አባባ! ይሄ እኮ የኔ ሞተር ነው! ሳሏ ሳይቀር!»

አያቷ እጁ ማር ውስጥ እንደተያዘ ልጅ ጭንቅላታቸውን አከኩ። «ዓምና ላባ ሲቀይር ነው የለመደው። ጠዋት ጠዋት ቅስቱ ሥር ስታስነሺ ይሰማሽ ነበር።»

የራትሪ ሳቅ ቀስ እያለ ቆመ። ዓምና ላራስ ትልቁ የወፍ ዘፈን ውድድር ላይ ለመጨረሻው ዙር ደርሶ ነበር። እሷ ያን ቀን ፈተና ላይ ስለነበረች አልሄደችም። አያቷ ሲመለሱ «የዳኞቹ ጆሮ ተደፍኖ ነበር» ብለው ነገሩን ዘጉት።

«ውድድሩ ላይ… እንዲህ አለ እንዴ?»

«እንዴት ዘፈነ መሰለሽ!» አሉ አያቷ፤ ዓይናቸው በራ። «ሜዳው ጸጥ ብሎለት ነበር። ዳኛው የአሸናፊውን ባንዲራ ጎጆው ሥር ሊተክልለት ጎንበስ ሲል፣ ክሕ! ብሎ ሞተር አስነሳ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ዳኛውም ሳቀ። ባንዲራውን ግን ይዞት ሄደ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬሽስ? ትምህርት ቤት በእግርሽ ልትሄጂ ነው?» ጨርቁን አስተካከሉ። «ደግሞ ልንገርሽ፣ አልጠላሁትም። አንቺ ስትወጪ ቤቱ ጭር ይላል። እሱ ክሕ ሲል መጣች እላለሁ። ሁለት ጊዜ ሻይ አፍልቼ ጠብቄሻለሁ።»

ራትሪ ወደ ጎጆው ተጠጋች። «ዘንድሮስ?» አለች።

«ዘንድሮ ሳሉን ይረሳል ብዬ ነበር።» ማርሚታውን በዓይናቸው ዳሰስ አድርገው መለሱ። «ሞተሯ ያንቺ ናት ልጄ። እኔ ላራስን ጓዳ አስገባዋለሁ።»

ጓዳው መስኮት የለውም። ወፍ እዚያ ገብቶ ሲዘፍን ራትሪ ሰምታ አታውቅም። አያቷ ይህን ከእሷ ይልቅ ያውቁታል።

ሩዟን ሳትነካ ሞተሯ አጠገብ ተቀመጠች። ርቃ ብታስነሳትስ? እመት ላስትሪ ግን ከድልድዩ ጀምሮ ሰምተዋታል። ማርሚታውን በእጅጌዋ ወለወለችው። ፊቷ ተጠፍጥፎ ታያት። ትፈልገዋለች፤ ልቧ እስኪጠፋ ትፈልገዋለች። ነገ ከፊት፣ ከጋሊህ ጎን፣ ማንም ሱሪዬን ስፊልኝ ሳይላት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተነስታ መፍቻ ፈለገች።

ሲነጋ ሞተሯን እየገፋች ወጣች። ቅስቱ ሥር ስትደርስ እንደ ልማዷ እግሯን ማስነሻው ላይ አደረገች። ከጣሪያው ጠርዝ የመጀመሪያው ወፍ ዜማውን ጀመረ። ራትሪ እግሯን አነሳችና መግፋቷን ቀጠለች፤ ቅስቱን አልፋ፣ ወደ ድልድዩ።

ከኋላዋ፣ ከቅያሱ ውስጥ፣ ክሕ! ቱ-ቱ-ቱ-ቱ የሚል የላራስ ዝግ ያለ ድምፅ ተሰማ።

«ራትሪ!» አሉ አያቷ እሷ ያስነሳች መስሏቸው ጮክ ብለው። «በይ በደህና ግቢ!»

ራትሪ በሳቅ ሞተሯን ልትጥላት ምንም አልቀራት።

ድልድዩ ላይ ስትደርስ ጀርባዋ በላብ ርሷል። ልጆቹ ሞተሮቻቸውን እያስጓሩ ይጠብቋታል፤ ጋሊህ ከፊት ነው። አሮጌውን ማርሚታ ሲያይ አፉን ከፈተ።

«አዲሱስ?»

«ከምሳው ጋር አስሬዋለሁ። ለዚያ ልጅ ስጠው።»

«አብደሻል? መጨረሻ ልትቀሪ ነው እኮ!»

«እቀራለሁ። እናንተም ብዙ አትራቁ፤ ሩዙ እኔ ጋ ነው።» ሄልሜቷን አጠለቀች። «ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሞተሬን የማስነሳው ከዚሁ ከድልድዩ ነው። ውድድሩ እስኪያልፍ።»

«የምን ውድድር?»

«ባሕሩ ጋ እነግርሃለሁ።»

ረገጠች። ትክ። ትክ። ክሕ!

«ራትሪ፣ ሱሪዬን ስፊልኝ!» አለ አንዱ ከመሃል።

«ስንመለስ!» አለች ራትሪ፣ ጋዝም ሰጠች።