የጾመኛው ሎክ ትንፋሽ

ሽማግሌው ሎክ የሞቱት በሙሉ ጨረቃ ጾም ቀን ነው። አፋቸው ግን ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር።

ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ፣ እንደ እምነታቸው ሥርዓት፣ በጾም ቀን ሥጋና ዓሣ ቀርቶ ሽንኩርት የነካ ድስት እንኳ የማያስጠጉ ሰው ነበሩ። ሬሳውን ያጠቡት ጎረቤቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ ወሬው በቦዩ ዳር ያሉትን ቤቶች ሁሉ አዳረሰ። የፖሊሷ ሻምበል ቱዌት በጀልባ ስትደርስ ለቀስተኞቹ ከሬሳ ሣጥኑ ርቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ያስጠራት የጤና ጣቢያው ሐኪም ነው፤ ጤነኛ ሰው ሲያስመልሰው ውሎ ማምሻውን መሞቱ አልተዋጠለትም።

ወደ ሟቹ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ከዚያ ጎረቤታቸውን ታክን ጠራችው። ሽሪምፕ የሚባለውን የውሃ እንስሳ የሚያረባበት ኩሬ ከሎክ የሩዝ ማሳ ጋር ይዋሰናል።

«ወንድም ታክ፣ ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ያልተጣላቸው ማን አለ? እኔ የውሃ በሩን ከፍቼ ለሽሪምፔ ጨው ውሃ አስገባለሁ፤ እሳቸው ሩዜን አቃጠልክብኝ ይላሉ። ትናንትም ልጃቸው ኛን የውሃ በሩ ድረስ መጥቶ ሲሰድበኝ አረፈደ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን የሚያሳፍረው ሌላ ነው። መነኩሴያችን ከሩዙ ሥር ነጭ ሽንኩርት ደብቀው ኖረዋል።»

«ሲበሉ አይተሃቸዋል?»

«አፍንጫ አለኝ፣ ሻምበል።»

«አፍንጫ ምስክር ይሆናል፤ ዳኛ ግን አይሆንም።»

ወጥ ቤት ውስጥ የልጃቸው ሚስት ዲዬም ብርጭቆ ታጥባለች። ቱዌት ቅርጫቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች፤ ድስቶቹን አሸተተች።

«ነጭ ሽንኩርት የት ታስቀምጫለሽ?»

«በጾም ሰሞን እናቴ ቤት እወስደዋለሁ።» ዓይኗን ሰበረች። «ሻምበል፣ ደብቄ ያበላኋቸው እኔ እመስላቸዋለሁ። ሴቶቹ ከእጄ ሻይ አልቀበል አሉ።»

«ትናንት ምን ቀመሱ?»

«ሁላችንም የበላነውን ሩዝ። ለብቻቸው የጠጡት የመሠዊያውን ሻይ ነው፤ ለሞቱት አያቶቻቸው ካቀረቡ በኋላ ራሳቸው ይጠጡታል። ውሃው ከራሳቸው ጋን ነው። ዓይናቸው ስለደከመ በዳበሳ ይቀዳሉ እንጂ ሌላ ሰው አያስነኩም።»

ከቤቱ ጀርባ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ሦስት ጋኖች ቆመዋል። በሁለቱ ውስጥ የወባ ትንኝ እጭ እንዲለቅሙ የተጨመሩ ትንንሽ ዓሦች ይዋኛሉ። ሦስተኛው ባዶ ነው፤ ውስጡ ተፍቆ ያበራል። አጠገቡ ካለው ሙዝ ሥር ጉንዳን የወረራቸው የሞቱ ዓሦች ወድቀዋል። ቱዌት እዚያ ቁጢጥ ብላ ቆየች። ከዚያ ወርዳ ጣቷን ቦዩ ውስጥ ነከረችና ቀመሰችው።

ኛን ነጭ የሐዘን ጨርቅ ራሱ ላይ አስሮ ከተዘፈዘፈው የሩዝ ዘር አጠገብ ተቀምጧል።

«ዘሩ ምን ተደርጎበታል?»

«ሴሌኒየም የሚባል የማዕድን ዱቄት። ለመንደሩ ሁሉ እኔ ነኝ ከእርሻ ጣቢያ የተረከብኩት። ከእሱ ቅንጣት የቀመሰ ሩዝ ጨው ቶሎ አይረታውም።»

«አባትህስ ምን ይሉ ነበር?»

«‹ሩዝ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መድኃኒት የሚውጠው?›» ሊስቅ ፈልጎ ተወው።

«በየትኛው ውሃ ዘፈዘፍከው?»

«በቦዩ ውሃ።»

ቱዌት ሁሉንም ሬሳ ሣጥኑ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ ቤት አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት የለም» አለች። «ሴሌኒየም አብዝቶ የጠጣ ሰው ግን ትንፋሹ ልክ እንደዚያ ይሸታል። ሌሎቹ ደህና ናቸው፤ ስለዚህ መርዙ የነበረው እሳቸው ብቻ በሚነኩት ነገር ውስጥ ነው። ጠብታ ውሃ በሚቆጠብበት ወር የእሳቸው ጋን ታጥቧል፣ ዓሦቹም ሞተዋል። ኛን፣ ቦዩን ቀምሼዋለሁ። ጨው እንዲችል የምታዘጋጀውን ዘር በጨው ውሃ ማን ይዘፈዝፋል? ጨው የሌለበት ውሃ ያለው ጋኖቹ ውስጥ ነው።»

ኛን የሐዘን ጨርቁን ወደ ግንባሩ ሳበ።

«የመንደሩን ዱቄት በሙሉ በአባትህ ጋን በጠበጥከው፤ በኋላ ለየቤቱ በማንኪያ ሊታደል። ታክ የውሃ በሩን መክፈቱን ስትሰማ ጋኑን ትተህ ሮጥክ።»

«ስመለስ ኩባያቸው ባዶ ነበር» አለ ኛን። «ጋናቸውን ደፍቼ አጠብኩት፤ መንካቴን መናገር ግን አፈርኩ። ሐኪሙ ምን ጠጡ ብሎ ሲጠይቀኝም... አፈርኩ። ጠዋት የሽንኩርቱ ወሬ ሲነሳ...»

«ሲነሳስ?»

«ተገላገልኩ አልኩ።»

ዲዬም የሻዩን ትሪ እንደያዘች ቆማለች። «እኔን ሲጠረጥሩኝም?»

ኛን ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ጀልባው ይጠብቅሃል» አለች ቱዌት። «መጀመሪያ ግን የአባትህን ስም መልስ።»

ኛን ሣጥኑ ሥር ተንበረከከ። «አባቴ ጾማቸውን አልገደፉም።»

«አልተሰማም» አለች ዲዬም።

ደገመው። ታክ ተነስቶ በርጩማውን ወደ ሣጥኑ አስጠጋ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ሴቶቹ ሻይ ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ። ዲዬም ትሪውን እንደያዘች በመካከላቸው አልፋ ሻዩን መሠዊያው ላይ አኖረችው።