የወሩ የመጀመሪያ እሑድ

ኦሩሌ በምትባለው የሰርዲኒያ ደሴት ተራራማ መንደር፣ ቡና ቤት ገብቶ የተጋበዙትን ወይን ጠጅ እምቢ ማለት አይቻልም። ጨጓራዬን አሞኛል ማለት ይቻላል፤ ሚስቴ ትቆጣኛለች ማለትም ይቻላል። ግን መጀመሪያ ብርጭቆው ከንፈር መንካት አለበት። እንግዳው ጋቪኖ ይህን የት ያውቃል! መንገድ ጠፍቶት ሊጠይቅ ገባ፤ ዚዩ ባኪስ የሚባሉት ሽማግሌ ሲቀዱለት፣ «አመሰግናለሁ፣ መኪና እየነዳሁ ነው፣ ይቅርብኝ» አላቸው።

ካርታ የሚጫወቱት ሁሉ እጃቸው ባለበት ቀረ።

«አባዬ፣ ተወው፤ የሳሳሪ ከተማ ልጅ ነው» አለች ጥግ የተቀመጠች ወጣት። «ከአነጋገሩ አታውቀውም? እንደ ከተማው ሰው ሁሉ ጎመን ሲበላ ያደገ ምን ያድርግ?» ተነስታ መጣችና ብርጭቆውን ከፊቱ አንስታ ጭልጥ አደረገችው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ጋቪኖም ተረፈ።

ይህች የዚዩ ባኪስ ልጅ ቦናሪያ ናት፤ ከአባቷ በጎች ወተት ፎርማጆ የምትሠራ። ብርጭቆውን ስታነሳ እጅጌዋ ተሰብስቦ ክንዷ ላይ የተለጠፈች ነጭ ነገር ብቅ አለች። ጋቪኖ ወዲያው አወቃት።

«የስኳር መለኪያ ናት አይደል?»

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ስኳር አለብኝ። በቀን አራት ጊዜ መርፌ እወጋለሁ። ምነው፣ ሐኪም ነህ?»

ተመራማሪ መሆኑን ነገራት። ኢንሱሊን የሚሠሩ ሴሎችን ላቦራቶሪ ውስጥ ያሳድጋል፤ አንድ ቀን ሰው ሆድ ውስጥ ሲገቡ የገዛ ሰውነቱ እንዳይገድላቸው በስስ ነገር ይሸፍናቸዋል። የቦናሪያ ፊት ቅጭም አለ።

«ደም ልትወስድ ነዋ የመጣኸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦናሪያ ስምንት ዓመቷ ሳለ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች መጥተው የመንደሩን ሰው ሁሉ ደም ቀድተው ነበር። ይህ በሽታ በደሴቷ ልጆች ላይ ለምን እንደሚበዛ አጥንተን ውጤቱን ይዘን እንመለሳለን ብለው ሄዱ። ቦናሪያ አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ድረስ መስኮት ላይ ሆና ነጭ መኪናቸውን ትጠብቅ ነበር። አልመጡም።

«እና እኔ ምን ላድርግ?» አለ ጋቪኖ።

«ምንም። ብትመለስ ይበቃ ነበር። ግን አትመለስም።»

ዓይን ዓይኗን አያት። «የወሩ የመጀመሪያ እሑድ» አለ።

መጣ። የቀረበለትን ጠጣና ቆመ። «ሴሎቹ በስድስተኛው ቀን ሞቱ። ለምን እንደሞቱ እስካሁን አላወቅንም» ብሎ ተቀመጠ።  በሚቀጥለው ወርም መጣ፤ ያኔም ሞተዋል።

«አንተ ልጅ፣ ደህና ወሬ የሚባል ነገር የለህም?» አሉት ዚዩ ባኪስ።

«የለኝም። ስለሌለኝ እኮ ነው የመጣሁት።»

ጠጥቶ መንዳት ስለማይሆንለት ወይኑ እስኪለቀው ከቦናሪያ ጋር ወደ አባቷ በረት በእግር ይወጣል። አንድ ቀን በጎቹን እያለበች፣ «ገና ዕለት ምን ትሠራለህ?» አለችው።

«አበላለሁ።»

«ማንን?»

«ሴሎቹን። በዓል ምን እንደሆነ አያውቁም። የገዛ እህቴን ሰርግ ጥዬ ሄጃለሁ፤ እስከ ዛሬ ቂሟ አልወጣላትም።»

የቦናሪያ እጅ ቆመ። አባቷም እሷ ክርስትና የተነሳች ዕለት በጎቹ ሊታለቡ ነው ብለው ከቤተ ክርስቲያን ሹልክ ብለው የወጡ ሰው ናቸው። ወደደችው። ሌላ ምክንያት ፈልጋ ነበር፤ አላገኘችም።

«የምትመጣው ለእኔ ነው ወይስ ለበሽታዬ?» አለች ቀና ሳትል።

«ለበሽታሽ ቢሆን ስልክ ይበቃኝ ነበር።»

 ቦናሪያ ፈገግታዋን በበጓ ጎን ደብቃ ማለቧን ቀጠለች።

በዘጠነኛው እሑድ ጋቪኖ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። «ሴሎቹ አርባ ቀን ቆዩ» ሲል ቤቱ አጨበጨበ። እጁን አነሳ። «ግን ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች በቃን አሉ። በሚቀጥለው ወር እንዘጋለን። ሴሎቹም ይጣላሉ። እኔ ሰሜን አገር ሥራ አግኝቻለሁ፤ ልሰናበታችሁ ነው የመጣሁት።»

 ቦናሪያ ሳታስበው ተነስታ ቆመች።

«ፓራዱራ» አለች።

በነዚያ ተራሮች እረኛ መንጋው በእሳት ወይም በበሽታ ሲያልቅበት፣ እያንዳንዱ ጎረቤት አንዳንድ እናት በግ ይሰጠዋል። በዚያ እንደገና ይጀምራል፤ ፓራዱራ ማለት ይህ ነው።

«ልጄ፣ ፓራዱራ ለእረኛ ነው» አለ አንዱ ካርታ ተጫዋች። «ይሄ ሰውዬ አንዲት ጠቦት እንኳ የለውም።»

«ገና ዕለት መንጋውን የሚያበላ እረኛ ካልሆነ ማን ነው እረኛ? መንጋዬ ሊያልቅብኝ ነው እያለን እኮ ነው። ስምንት እሑድ መጥቶ የሞተበትን አንድ በአንድ ነግሮናል። እስቲ ከእናንተ ውስጥ የሞተበትን የማይደብቅ ማን አለ?»

ያ ካርታ ተጫዋች አንገቱን ደፋ። ዚዩ ባኪስ ልጃቸውን አተኩረው አዩዋት፤ ነገሩ የበግ ብቻ አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባቸው። «ከእኔ አንዲት አለች» አሉ።

በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ በበግ ተሞላ። ከጎረቤት ሁለት መንደሮችም እየነዱ መጡ፤ ስኳር ያለበት ልጅ የሌለው ቤት የት አለና! ጋቪኖ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ «እነዚህ ተሸጠው አንድ ዓመት ሙሉ ያሠሩናል። የሁላችሁንም ስም እጽፋለሁ፤ ለእያንዳንዳችሁ እመልሳለሁ» አለ።

ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን የሰዉ ሁሉ እጅ ባለበት ቀረ።

ቦናሪያ ጠጋ ብላ፣ «አንተ የጎመን ልጅ» አለችው በጆሮው። «ለሰጪው አይመለስም። ሌላ እረኛ መንጋው ሲያልቅበት አንዲት በግ ትሰጣለህ፣ አለቀ።»

«ከየት አምጥቼ? ሁሉም ሊሸጡ ነው።»

 ይህን እንዳለ መንጋው መሀል ገብቶ ጆሮዋ የተቀደደ አንዲት በግ እየጎተተ ወጣ። «እንግዲያው ይህቺ አትሸጥም። ለሚቀጥለው ሰው ናት።»

ዚዩ ባኪስ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «የት ልታሳድራት ነው፣ ላቦራቶሪ?» አሉት።

«እርስዎ ጋ ብትሆንልኝ...»

«በግ ለብቻዋ አንቀበልም። ጌታዋ አብሯት ካልመጣ።»

ጋቪኖ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሰዉ ሲስቅ ቦናሪያም ሳቀች፤ እንባዋ ግን ቀድሟት ወርዶ ነበር።

በኋላ ሰዉ ተበትኖ ሁለቱ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ሲቀሩ፣ «ዓመቱ አልቆ ባይሳካስ?» አለችው።

«አንቺ አታምኚም?»

«እኔማ ይሳካል ባይ ነኝ። አንተን ነው የምጠይቀው።»

«እኔም ይሳካል ባይ ነኝ። ባይሳካ ግን በመጀመሪያው እሑድ መጥቼ እነግርሻለሁ።»

«አትመጣም» አለች፣ እጁን ይዛ። «ቁርስ ላይ ትነግረኛለህ።»